እሁድ እሁድ የማንኳኳው በር

ለእታለሜ፣ ላለሽበት፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ወደ ምዕራብ ያለው ብርድ ከእኛው ይብሳል ይላሉ፤ ካፖርትሽ ወፍራም መሆኑን ብቻ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ አልሀምዱሊላህ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። ሆዴን የያዘኝ ምግብ አይደለም። እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ድምፄን ቀድቼ ልላክልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ስልክሽን አላውቀውም። ባውቀውም መሀል ላይ እንደማቆም ታውቂያለሽ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ሰላሀዲን ነገ ሰኞ ጭነት ይዞ ወደ ምዕራብ ስለሚነሳ ወረቀቱን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ፤ ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሎቢው ጠረጴዛ ላይ ተረኛ ነኝ። አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቅቶኛል። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ ፖስታ ሳጥኖቹን እነካካለሁ፣ እመለሳለሁ።

ሥራዬን ማንም በደንብ አልነገረሽም መሰለኝ። ኮሌጁ ዶርም ውስጥ አር ኤ ሆኛለሁ። አር ኤ ማለት አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ የምትረግሚያት ፕሮክተር ማለት ነው፤ ልዩነቱ እኔ ራሴም ተማሪ ነኝ፣ እዚያው አብሬያቸው አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። እማ ለጎረቤት «የዶርሙ ኃላፊ ናት» ትላለች። አጎታችን «ዘበኛ ናት ወይስ ጽዳት?» ብሎ ጠይቋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የሦስተኛ ፎቁ አር ኤ ኪሩ የሚባል ልጅ ነው፤ ኪሩቤል ነው ስሙ። እሱ ደግሞ «እኛ እኮ ለአልጋ የተቀጠርን ሰዎች ነን» ይላል። ለሥራው ክፍል በነፃ ስለሚሰጡን ነው። ክሬሰንት ታውን እቤታችን ከወንድሞቻችን ጋር ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ስተኛ ስንት ዓመቴ! የራሴ በር ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ሰው ያንኳኳዋል።

ኢንተርቪው ላይ ስድስት ቃል ያህል ነው የተናገርኩት። አለቃችን ቴዎ የሚባል፣ ዳንፎርዝ አካባቢ ያደገ የግሪክ ልጅ ነው። «የሚያወሩ ሞልተውኛል፤ የሚሰማ ሰው ነው የምፈልገው» ብሎ ወሰደኝ። ዝም ማለቴ መስማት መስሎት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት አሠለጠኑን። እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢወድቅ፣ ሁለት ልጆች በአንድ ፍሪጅ ቢጣሉ ምን እንደሚደረግ ተማርን። በር ሲንኳኳ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ «አር ኤ ነኝ» ማለት፣ ከዚያ መጠበቅ። እኔ ድምፄ ስለማይወጣ ማንነቴን ተናግሬ አላውቅም፤ በአንድ ጣቴ ሦስት ጊዜ ብቻ ቀስ አድርጌ አንኳኳለሁ። ፎቁ ሁሉ ያውቀዋል። ሪፖርት ስትጽፊ ያየሽውን ብቻ ነው። «ሰክሮ ነበር» አይባልም፤ «ዓይኑ ቀልቷል፣ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል» ነው የሚባለው። ደግሞ ሁለት ነገር ቴዎ እየደጋገመ ነገረን። አንደኛው፣ ተማሪ «ለማንም አትናገሪ» ሲል እሺ ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው፣ ወላጅ ቢደውል «ልጅዎን ይጠይቁ» ከማለት በቀር ምንም አትናገሩ። እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ጉዳዩ የራሱ ነው አለ።

እኔ እሺ ከማለት ውጭ ምን አውቃለሁ?

መስከረም መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሲገቡ ሠላሳ ስምንቱንም ስም በቀለም ወረቀት ቆርጬ በየበሩ ለጥፌ ነበር። እናቶች ዕቃ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ልጆቻቸው የማያውቋቸው መስለው ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይከተላሉ። እንደዚያ ሆነው ነው እትዬ ኤልፍነሽና ልጃቸው የመጡት። ልጅቷ ሆሣዕና ትባላለች፤ ነርሲንግ ልትማር ነው። እትዬ ኤልፍነሽ ትራስ በብብታቸው፣ ሽሮና በርበሬ በሁለት እጃቸው ይዘው ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አነበቡና ቆሙ። «የሀበሻ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ሂጃቤን አየት አደረጉና «ይሻላል፤ አትጠጪም» አሉ። እሳቸው የአማርኛ ቸርች ሰው ናቸው። ሆሣዕና «ማሚ፣ ፕሊስ!» እያለች ፊቷን በትራሱ ልትሸፍን ምንም አልቀራት።

ሽሮውን መሬት አስቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ያለችኝ አንድ ሴት ልጅ ናት። አደራሽን። በሰማይም በምድርም የምጠይቀው አንቺን ነው» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ቢናገሩኝ የተለማመድነው መልስ ነበረኝ። ለአደራ ግን ሥልጠና አልሰጡንም። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። እሺ አልኩ። ስልክም ሰጠኋቸው፤ የተረኛውን ስልክ አይደለም፣ የራሴን። አጥፍቼ ከሆነ እዚያ ላይ ነው የጀመርኩት።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ መደወል ጀመሩ። ከቸርች እንደወጡ፣ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሆነው ነው። ከኋላቸው የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሰው «ተባረኪ፣ ተባረኪ» ሲባባል ይሰማኛል። «በላች? ትተኛለች? ከስታለች እንዴ?» ይሉኛል። «ደህና ናት» እላለሁ። «ጌታ ይባርክሽ፣ አንቺን ባይሰጠኝ ምን እሆን ነበር!» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የማላውቀውን ነበር የምመልሰው። ከዚያ መዋሸቱ ከበደኝና እሳቸው ከመደወላቸው በፊት ሄጄ የሆሣዕናን በር ማንኳኳት ጀመርኩ። አይቻት ስመጣ «ደህና ናት» ስል ቢያንስ እውነት ይሆናል ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ቀን በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ «ሁሉንም ነው እንዲህ የምታንኳኪው ወይስ እኔን ብቻ?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። በሦስተኛው እሁድ ግቢ አለችኝ። በአምስተኛው ምድር ቤት ባለው የጋራ ኩሽና የጋገረችውን ዳቦ ሰጠችኝ። ዳቦ መጋገር ትወዳለች፤ ሊጡን እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ ማሞቂያው አጠገብ ታስተኛዋለች። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። «ያንቺ ወሬ እንደ ልደት ነው፣ በዓመት አንዴ» እያለች ትስቅብኛለች። ይህን አገር ከረገጥን ጀምሮ ከአንቺ ቀጥሎ የቀረበችኝ ሰው እሷ ናት። ለምን ሁልጊዜ እሁድ እንደምመጣ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ቆይ፣ መጣሁ።

ይቅርታ። አንዱ ልጅ ሻወር ሊወስድ ወጥቶ ቁልፉን ውስጥ ቆልፎበት በፎጣ ሎቢ ድረስ መጣ። በዚህ ወር አራተኛው ነው። «ሲስተር፣ አትዪኝ» አለኝ። ግድግዳ እያየሁ ከፈትኩለት። ሥራው ይሄ ነው እታለም። አንድ ጊዜ ልብስ አስተጣጠብ ላስተምር ብዬ ማስታወቂያ ለጥፌ ሁለት ሰው ብቻ መጣ፤ እነሱም ለፒዛው ነው። አንድ ጊዜ ዳቦ አሳርረው የእሳት ደወል ጮኾ ሦስት መቶ ሰው በረዶ ላይ አስወጥቻለሁ፤ እንዴት እንደጮህኩ እስካሁን አላውቅም፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጥር ላይ አንድ እሁድ ሄጄ ሳንኳኳ ሆሣዕና አልጋዋ ላይ ተኝታ ጣራ እያየች ነበር። ለልምምድ አረጋውያን ቤት ልከዋቸው አንድ ሽማግሌ እጇን እንደያዙ ሞቱባት። ከዚያ ወዲህ ስቴቶስኮፑን ስታይ ያጥወለውላታል። ስቴቶስኮፑን የገዙላት የእናቷ ቸርች ሴቶች ናቸው፤ መድረክ ላይ አቁመው ጸልየው ነው አንገቷ ላይ ያጠለቁላት። «አቋርጬዋለሁ» አለችኝ። «ዳንፎርዝ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ገብቻለሁ። ዳቦ አይሞትብኝም።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም። ትምህርት ያቋረጠ ሰው ክፍል መልቀቅ አለበት፤ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ እስከዚያ ለእናቷ የምትናገርበትን አፍ እንደምታዘጋጅ ነገረችኝ። «እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ለማንም አትናገሪ» አለች።

እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እሁዶች እንዴት ልንገርሽ? ጠዋት አንኳኳለሁ፤ እሷ ክንዷ ላይ የምድጃ ቃጠሎዋን እያሳየች ትስቃለች፣ ስትስቅም እውነት ደህና ሆናለች። ከሰዓት ስልኩ ይጠራል። «ፈተናው እንዴት ሆነላት?» ይሉኛል እትዬ ኤልፍነሽ። «ደህና ናት» እላለሁ። «እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ ፈተናውን» ይላሉ። «ደህና ነው» እላለሁ። ስልኩን ዘግቼ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃውን እወጣለሁ እወርዳለሁ። ኪሩ አንድ ቀን አገኘኝና «ሴትዮ፣ ሊፍቱ እኮ ተሠርቷል» አለኝ።

የካቲት ውስጥ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። እትዬ ኤልፍነሽ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የሚሠሩት፤ ቆመው ስለሚውሉ እግራቸው አብጧል። የምሳ ዕቃ ይዘዋል። ሰላም እንኳ አላሉኝም። «አንዲት የቸርች እህት ልጅሽን ዳንፎርዝ ዳቦ ቤት ውስጥ ሽርጥ ለብሳ አየኋት አለችኝ። ውሸት ነው በይኝ» አሉ። ከወንበሬ ተነሳሁ። «ልጄ፣ ስድስት ወር ሙሉ ደህና ናት ስትዪኝ አምኜሻለሁ። ዛሬ ደህና ናት እንዳትዪኝ» አሉ።

«ልጅዎን ይጠይቁ» የሚለው አረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ በአማርኛ ለእሳቸው ለማለት ስሞክር ግን ስድብ መሰለኝ። እግራቸውን አየሁት። «ከጥር ጀምሮ አትማርም» አልኳቸው። ድምፄ ለአንዴ እንኳ አልተቆራረጠም።

«ውሰጂኝ» አሉ። እንግዳ የሚገባው ተማሪው ራሱ ወርዶ ሲፈርምለት ነው። ይህንንም ተውኩት። የምሳ ዕቃውን ተቀብያቸው ሊፍት ጠራሁ። በሩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን ሲያነሱ እኔ ቀደምኳቸው። ለምን እንደቀደምኳቸው ብዙ አስቤበታለሁ። ደንቡ ስለሆነ ነው እላለሁ፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ በአንድ ጣቴ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ሆሣዕናም የእኔ መሆኑን አውቃ ሳትጠይቅ ከፈተችው። እጇ ዱቄት ነበር። «እንዴ! ዛሬ እሁድ ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

ከዚያ ከኋላዬ እናቷን አየች።

እትዬ ኤልፍነሽ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ስቴቶስኮፕ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉትና እየጠቀለሉ «ይሄን አሁን ለማን ልመልሰው?» አሉ። ሆሣዕና ግን እሳቸውን አልነበረም የምታየው። እኔን ነበር። «ስንት ጊዜ ነው የምታወሪያት?» አለችኝ። «እሁድ እሁድ» አልኩ። ትንሽ አሰበችና «ለዚያ ነው እሁድ እሁድ የምትመጪው?» አለች። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፏ በፖስታ ታሽጎ የቁልፍ መመለሻው ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ክፍሏ ውስጥ የቀረው የምሳ ዕቃው ብቻ ነበር፤ እኔ ጋ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ እትዬ ኤልፍነሽ ደወሉ። ወደ ቤት አልመጣችም። ስልኳን አታነሳም። ዳቦ ቤቱም ዛሬ አልገባችም ብሏቸዋል። «ልጄ የት አለች?» አሉኝ። እኔ ነኝ እንዴ የምጠየቀው ልል አልችልም፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው። በምድርም በሰማይም ብለዋላ።

እየሮጥኩ ቴዎ ጋ ሄድኩ። ለቢሮው ሪፖርት ጻፍኩ፤ እናት እንደመጡ፣ ነገሩን እንደሰሙ፣ ልጅቷ እንደጠፋች። ማን እንደነገራቸው ሳልጽፍ ሰጠሁት። ቴዎ አንብቦ መለሰልኝና «እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል» አለኝ። ተቀብዬ ጨመርኩት። የጻፍኩት ስሜ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። ቴዎ አልተቆጣም። «እኔ ተማሪ ሳለሁ አያቴ ለአር ኤዬ በየሳምንቱ የተጠበሰ ዓሣ ታመጣለት ነበር፤ እሱም ሁሉን ይነግራት ነበር» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ሳቁን ተወው። እስከ ሚያዝያ ድረስ እንድሠራ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማይታደስልኝ ነገረኝ። ወደ ሶፋዬ እመለሳለሁ ማለት ነው። ይገባኛል።

በሦስተኛው ቀን ሆሣዕና ለቢሮው ጻፈች። ደህና ነኝ፣ ለቤተሰቤ የት እንዳለሁ አትንገሩ የሚል ነው። ቴዎ ደህንነቷን ብቻ ነገረኝ። ለእናቷም ቢሮው ያንኑ ነገራቸው።

በዚያው ሰሞን ነው ሰላሀዲን ክሬሰንት ታውን ለማፍጠር የመጣው። እኔም ነበርኩ። ተምሩን እያኘከ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «አግኝቻታለሁ» አለ። ስምሽን አልጠራም፤ ማንም ግን ማን ብሎ አልጠየቀም። «ደህና ናት። ከስታለች፣ ግን ትስቃለች። የት እንዳለች አልነግራችሁም፤ አትናገር ብላኛለች» አለ። አጎታችን «አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ደህንነት?» ብሎ ጮኸበት። እሱ ሾርባውን ጠጣ። እማ ተምሩን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። አፍጥረን እስክንጨርስ አላናገረችውም፤ ሲወጣ ግን በሩ ድረስ ተከትላው «በእውነት ትስቃለች?» ብላ ጠየቀችው። እኔ እሱን ቁጭ ብዬ ሳየው ነበር። እንዲህ ማለት ይቻላል እንዴ? አይቻታለሁ፣ አልነግራችሁም፣ ሾርባ ጨምሩልኝ? ሰው ሲጠየቅ ወይ መናገር ወይ መዋሸት ብቻ ነው ያለው ብዬ ነበር እስከዚያ ቀን የማስበው።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሆሣዕና መጣች። በፖስታ የመጣ ዕቃ ነበራት፤ እኔ ተረኛ ነበርኩ። ፈርማ ወሰደች። ሄደች ብዬ ቀና ስል ጠረጴዛው ፊት ቆማለች። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ትልቅ የዳቦ ፋብሪካ ገብታለች። አድራሻውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ወደ እኔ ገፋችው። «ለምን ለእኔ?» አልኳት። «ብታመም፣ አንድ ነገር ብሆን፣ የት እንዳለሁ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። ሌላ ሰው የለኝም» አለች። ቀጥላ «ይቅር ብዬሽ አይደለም» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ለማሚ እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብዬሽ ነበር። አሁንም እኔ ነኝ የምነግራት። ትንሽ ጊዜ ብቻ።» ወረቀቱን ወሰድኩ። ቃል ግቢልኝ አላለችም። ቃሌ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

በማግስቱ እሁድ ስልኩ ጠራ። ከኋላ የመኪና በር አልተሰማም። እትዬ ኤልፍነሽ ቸርች መሄድ አቁመዋል አሉ፤ ሴቶቹ ስለ ልጃቸው ሲጠይቋቸው ምን ይበሉ? ድምፃቸው ተለውጧል። «ከእሷ የሰማሽው አለ?» አሉኝ። ቆሜ ነበር። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አዎ እትዬ። አይቻታለሁ፤ ደህና ናት። የት እንዳለች አውቃለሁ። ግን አልነግርዎትም» አልኩ።

እሳቸውም «ምን አልሽ?» አሉ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። «እኔ እናቷ ነኝ! እኔ ነኝ የወለድኳት!» አሉ። «ነዎት» አልኩ። «እንዲያ እጅሽን ይዤ...» አሉና አቃታቸው፤ አለቀሱ። ከዚያ እያለቀሱ «አደራ በላ!» አሉኝና ዘጉት።

አደራ በላ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ እታለም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አደራውን የበላሁት የነገርኳቸው ቀን ነው ወይስ ያልነገርኳቸው ቀን? ሳምንቱን ሙሉ ይህን እያሰብኩ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ነበር። ሌሊት ሱሁሩ አልበላ አለኝ። ቁራጭ ወረቀቷን አሥር ጊዜ አውጥቼ አይቻለሁ። እሳቸው ጋ ደውዬ ልናገርና ልገላገል ያልኩበት ቀን አለ፤ ረቡዕ ነበር፤ ቁጥሩን ነክቼ ዘግቼዋለሁ። ትላንት ግን በአድራሻው ሬክስዴል ሄጄ አይቻት መጣሁ።

ስልኩ እየጠራ ነው። እሳቸው ናቸው። ቆይ።

ዘጋሁት። እጄ ላይ ላብ ስላለ ወረቀቱ ቢበላሽ ይቅር በይኝ። ሰላም አላሉኝም። «በላች?» አሉ ብቻ። ሠርታ የምትበላበትን ቤት አይቻለሁ፣ ትላንት ሄጄ ነበር፣ በልታለች አልኳቸው። «ብርድ ልብስ አላት?» አሉ። አላት አልኩ። «ቤቱ ሩቅ ነው?» አሉ። እሱን አልመልስም ብዬ ነገርኳቸው። ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ። «የምሳ ዕቃዬን አምጪልኝ» አሉኝ። «ሞልቼ እሰጥሻለሁ። ከማን እንደሆነ ንገሪያት፣ የት እንደወሰድሽው ለእኔ አትንገሪኝ።» አላለቀሱም። ወይ እኔ አልሰማሁም።

አሁን ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሰላሀዲን ሊመጣ ነው። ጓደኛሽ ያስሚን ታስታውስሻለች። ዒድ በመጣ ቁጥር ስልኳን ፊቷ አስቀምጣ ትውላለች፤ ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም አየኋት። ያን ጊዜ ልትሄጂ ስትይ የአውቶቡስ ትኬትሽን ያሳየሽው ለእሷና ለእኔ ብቻ እንደነበር አስታውሳለሁ። እማ በዚያ ሌሊት ከእኛ ጋር ሳሎን መጥታ ስትቀመጥ፣ ጸጉሬን እየዳበሰች «እውነቱን ብቻ» ስትል አስታውሳለሁ። አጎታችን ጣቢያ ድረስ መጥቶ ሻንጣሽን ሰው ፊት ሲጎትት፣ አንቺም እንዲያው ስትሄጂ፣ የተናገረችው ያስሚን ናት ብለሽ አሰብሽ። ሁሉም አሰበ። ማን ተናገረ ብሎ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ዝም ማለቴ ለማንም አልደነቀም።

ያስሚን አይደለችም፣ እታለም። ለዒድ ደውይላት።

እዚህ ወረቀት ላይ መልስ አልጠይቅሽም፣ ያለሽበትንም አልጠይቅሽም። አላህ የያዝሽውን ይባርክልሽ፣ የሄድሽበት መንገድ ይቅናልሽ፣ ጾምሽን ይቀበልሽ። ዒድሽ ሳቅ ያለበት ይሁን፤ አጠገብሽም የሚያፈጥር ሰው አይጥፋ።

ታናሽ እህትሽ፣
አሁንም ከሆንኩልሽ